አሊባይ ምንድን ነው? «አሊባይ የለውም» ሲባል «ገዳዩ እሱ ነው» ማለት አይደለም

ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሰው ተገድሎ፣ ጡረተኛ አስተማሪና የዕድር ጸሐፊ ቡና እየጠጡ ገዳዩን የሚያድኑበት ዓይነት ልብ ወለድ ሲነሳ አንድ አባባል አይጠፋም፦ «ዘበኛው አሊባይ የለውም፤ በቃ እሱ ነው»። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተቺ ይህንኑ እንደ ሕግ ዕውቀት ሲያስተምር ነበር።

ቃሉ የላቲን ነው፣ «ሌላ ቦታ» ማለት ነው። ሰበብ አይደለም፣ የመልካም ጠባይ ምስክርነትም አይደለም። ችሎት ላይ «በቦታው አልነበርኩም» የሚባለው መከላከያ ነው። ገዳዩ በአካል መገኘት በማያስፈልገው ግድያ ደግሞ ዋጋ የለውም። ጠዋት ስኳር ዕቃው ውስጥ መርዝ ጨምሮ ሐዋሳ የሄደ ሰው፣ ማታ ሐዋሳ መታየቱ ምን ይፈይድለታል?

አሊባይን እንደ ጋቢ አስቡት። ጋቢው የሚሸፍነው ሰውነት ሞቱ ሊደርስ የሚችልበት ጊዜ ነው። ሟች ከምሽቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ሞተ ከተባለ፣ ልቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ እስከ 4 ሰዓት ካርታ ሲጫወት የነበረ ሰው ግማሽ አካሉ ብርድ ላይ ነው። መሃል ላይ «ስልክ ላናግር» ብሎ ሃያ ደቂቃ የጠፋ እንደሆነ ጋቢው ተቀዷል። ባልና ሚስት «አብረን ነበርን» ሲሉ አንድ ጋቢ ለሁለት ነው፤ ሚስት ባሏን ስታለብስ ራሷንም እየሸፈነች መሆኗ አይረሳ። ጋቢ ያልለበሰ ሰው ግን ጋቢ አለመልበሱ ብቻ ነው የሚታወቀው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ብቻውን የተኛ ሁሉ አሊባይ የለውም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20(3) የተከሰሰን ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ አድርጎ ይገምታል። ዘበኛው ዝም ቢል እንኳ የማስረዳቱ ሸክም የከሳሽ ነው።

የሰውነቱ ቁመት፣ ማለትም ሞቱ ሊደርስ የሚችልበት ጊዜ ርዝመት፣ ራሱ ችግር ነው። «ልክ 3፡15 ላይ ሞተ» ብሎ ከአስከሬን ብቻ የሚናገር ሐኪም በልብ ወለድ እንጂ በምርመራ ክፍል የለም። የአስከሬኑ ግትርነት (የጡንቻዎቹ መድረቅ) ብዙውን ጊዜ ሰው ከሞተ በኋላ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ አገጭና አንገት ላይ ይታወቃል፣ በ12 ሰዓት ገደማ መላ አካሉን ይይዛል፣ ከአንድ ቀን በኋላ መላላት ይጀምራል። ብርድ ያዘገየዋል፤ የአዲስ አበባ ዳርቻ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ይታወቃል። ባዶ ሲሚንቶ ላይ የወደቀና ብርድ ልብስ ውስጥ ያለ አስከሬን እኩል አይቀዘቅዙም። ጎረቤት ቀድሞ ከገነዘውማ፣ ሙሉ በሙሉ ደርቆ በግድ የተዘረጋ መገጣጠሚያ መልሶ ስለማይደርቅ ያ ምልክት ተበላሸ።

ቀጥሎ የሚያሳስተው ሰዓት አቆጣጠራችን ነው። ዘበኛው «ሁለት ተኩል ላይ በሩን ዘጋሁ» ሲል የስልኩ መዝገብ 20፡30 ይላል፤ ይሄ ቀላሉ ነው። የሚከፋው ቀኑ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሆነውን ነገር ጎረቤቱ «ማክሰኞ ሌሊት» ይለዋል፣ ቄሱ «ለረቡዕ አጥቢያ» ይሉታል፣ ስልኩ «ረቡዕ 02፡00» ብሎ ይጽፈዋል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ጀማሪ መርማሪ ግን «ውሸት ያዝኩ!» ብሎ ይጮኻል። «ስንት ሰዓት ነበር?» ብሎ ከመጠየቅ «መብራት ከመጥፋቱ በፊት ነው በኋላ?» ማለት ይሻላል። መብራት መቼ እንደጠፋ ብሎኩ በሙሉ ያስታውሳል፣ የሁሉንም ቃል በእሱ ማሰለፍ ይቻላል። (የስልክ ጥሪ ዝርዝር፣ ሳልጠየቅ ልጨምር፣ ስልኩ መደወሉን እንጂ በማን እጅ እንደነበረ አይናገርም።)

መንገዱም በዚያው ሰዓት ይለካ። ከልቅሶ ቤቱ እስከ ሟች ብሎክ ቀን በባጃጅ ሰባት ደቂቃ ነው ብሎ ተጠርጣሪው መድረስ ይችል ነበር ማለት ስህተት ነው። ማታ ባጃጅ ከሌለ በእግር ነው፣ በእግር ደግሞ ውሻም ጅብም አለ፤ ሰባቱ ደቂቃ አርባ ሊሆን ይችላል። ዘንቦ ከነበረ ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ ሳይጠርገው ማየት ነው።