መኪናው «ቀጭ» ብሎ ዝም ሲል

ቱሉ ዲምቱ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። ቁልፍ ስታዞር መኪናው «ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ብዙ ሰው ወዲያው «ባትሪ ሞቷል» ይላል። ቆይ፣ ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ድምፁን ስማ።

ቁልፉ ራሱ ሞተር አያስነሳም። ትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ላይ ወደተገጠመው ሶሌኖይድ የሚባል ማብሪያ ይልካል፤ እሱ ደግሞ የሞተሪኖውን ትንሽ ጥርስ ገፍቶ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ትልቅ ክብ ብረት) ጥርስ ጋር ያገናኝና በወፍራሙ ሽቦ ከባትሪ የሚመጣውን፣ ብዙ ጊዜ ከ100 አምፔር የሚበልጠውን ኤሌክትሪክ ለሞተሪኖው ይለቃል። ያ «ቀጭ» የሶሌኖይዱ ድምፅ ነው።

«ቀጭ ቀጭ ቀጭ» እያለ ከተንተባተበ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ደክሟል ወይም ሽቦው ላልቷል። አንዴ ብቻ ብሎ ዝም ካለና መብራቱ ካልደበዘዘ ግን ሞተሪኖውን ወይም ሶሌኖይዱን ጠርጥር። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ፊውዝና ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) እይ።

የኔ ክረምት ላይ አስቸግሮኝ ነበር። ለካ የባትሪው ራስ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ተጋግሮበታል። ፈትቼ፣ በሙቅ ውሃና በብሩሽ ፈቅፍቄ መልሼ ሳጠብቀው ባንዴ ተነሳ። ስትፈታ ኔጌቲቩን (የ«−» ምልክት ያለበትን) አስቀድም፣ ስትገጥም ደግሞ መጨረሻ ላይ አድርገው።