የእሳት እራት ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ ሰማሁት። አንድ ተናጋሪ ስለ ሱስ ሲያወራ «የእሳት እራት እሳቱን ስለሚወደው ነው ዘሎ የሚገባበት» አለ። ስንቴ እንደሰማሁት እንጃ። ወንድሜ፣ አይወደውም!

ቢራቢሮ የምትመስል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት የምትበር ነፍሳት መሆኗን ሁሉም ያውቃል። ያሳሳተን ስሟ ነው። ስሟ የሚነግረን አሟሟቷን እንጂ ፍላጎቷን አይደለም። እራት የሚሆን ሁሉ በላተኛውን ወዶ ነው እንዴ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌሊትም ቢሆን ሰማዩ ከምድር ይልቅ ፈካ ይላል። እሷም ጀርባዋን ወደ ብርሃኑ ካደረገች ሆዷ ወደ መሬት ይሆናል፤ ቀጥ ብላ ትበራለች። ሰማዩ ለእሷ የግንበኛ ውሃ ልክ ማለት ነው። አሁን ከጎኗ አምፖል ይበራል። ውሃ ልኩ ተዛባ። በተዛባ ውሃ ልክ የሚሠራ ግንበኛ እያንዳንዱን ብሎኬት ለክቶ ነው የሚያስቀምጠው፤ ግድግዳው ግን እየዘመመ ይሄዳል። እሷም ጀርባዋን ወደ አምፖሉ ባዞረች ቁጥር መንገዷ ይጠመዘዛል፤ ስትዞረው ታድራለች። መብራቱ ከታች ከሆነማ ውሃ ልኩ ጭራሽ ተገለበጠ፤ እሷም ተገልብጣ ትወድቃለች። ታዲያ ያንን ግንበኛ «ጠማማ ግድግዳ ይወዳል» እንለዋለን?

ይህን ተመራማሪዎች በፈጣን ካሜራ ቀርጸው አይተውታል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል። ብርሃኑን ከላይ እንደ ሰማይ ሲዘረጉት ነፍሳቱ ሳይዞሩ ቀጥ ብለው አለፉ። ሁሉም ዝርያ ግን እንዲህ አያደርግም። ጥናቱ የሚያሳየውም መብራቱ አጠገብ የሚሆነውን ነው፤ ከሩቅ ምን እንደሚያመጣቸው ሌላ ጥያቄ ነው።

ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ መናገሻ ሱባ ጫካ ለማየት የምትሄዱ ካላችሁ፣ በሁለት ጽዶች መካከል ነጭ አንሶላ ወጥሩና መብራት አብሩበት። አንሶላው ላይ ያረፈውን ግን የጫካው ቆጠራ አታድርጉት። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት የሚመጣው ያንሳል። ቀን የሚበሩትን ደግሞ ፀሐይ ላይ ቅጠል ለቅጠል እየዞራችሁ ካልፈለጋችሁ አታገኟቸውም። መብራቱንም ሳይነጋ አጥፉት፤ ወፎች አንሶላውን ቶሎ ይለምዱታል፣ ጎህ ሲቀድ መጥተው ይለቅሙላችኋል።

ስታጠፉት አንዷን ተጠግታችሁ እዩ። ቀይ ባትሪ ይበቃል። ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ትላለች። ከዚያ ክንፏን ሳትዘረጋ ትንቀጠቀጣለች፤ ፈርታ ሳይሆን ለመብረር ጡንቻዋን እያሞቀች ነው። አፍታ ቆይታ ትነሳለች። አምፖሉ አጠገቧ ነው፣ ዞር ብላም አታየው፤ በጽዶቹ መሀል ሽቅብ ትሄዳለች።