«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»፦ ማን አስደበቀው?

ጎጃም አድጎ ይህን ተረት ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ችግርህን አውጣው፣ የሚረዳህ ሰው ካላወቀው ምን ያደርግልሃል ነው ነገሩ። አንዳንዱ «የሸሸገ» ይለዋል። መነሻው እውነተኛው በሽታ ነው፤ ሥር ማሹም ቅጠል በጣሹም ሐኪሙም ሥራቸውን የሚጀምሩት ህመምተኛው ከሚነግራቸው ነው። «መድኃኒት» ደግሞ «ድኅነ» ከሚለው ግእዝ የመጣ ነው፣ መድኃኔዓለም የምንለውም ከዚሁ ሥር ነው፤ ስለዚህ ተረቱ የሚልህ ኪኒን አታገኝም ሳይሆን መዳኛ የለህም ነው። ዛሬ ዕዳውን ለሚደብቅ ባልም ይነገራል።

እኔን የሚከነክነኝ ጥፋቱ በሙሉ ህመምተኛው ላይ መውደቁ ነው።

አምና አክስቴን ይዤ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ያዞራታል፣ ያስመልሳታል። መጀመሪያ ያገኘን አታችመንት (የሐኪም ቤት ልምምድ) የወጣ ተማሪ ዓይኑን ከካርዱ ሳያነሳ «መቼ ጀመረሽ? መድኃኒት ትወስጃለሽ?» አላት። ስድሳን ያለፈች ሴት «አንቺ» ስትባል! «አልወስድም» አለች፣ አለቀ። ቀጥላ የመጣችው ተማሪ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። «እማማ፣ እቤት የጠጡት ነገር ካለ ይንገሩኝ፣ አልቆጣም» አለችና ዝም አለች። በቃ ዝም። አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል ስትፈታ ቆይታ በመጨረሻ ቀስ ብላ «ኮሶ ጠጥቼ ነበር፤ በዛ መሰለኝ» አለች።

ሁለቱ ተማሪዎች ያነበቡት መጽሐፍ አንድ ነው። አጠያየቃቸው ግን ሌላ። ይህ የተፈጥሮ ጠባይ ነው፣ አይማሩትም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። አንዱ ተማሪ ህመምተኛ ይሁን፣ የሚደብቀው ነገር በወረቀት ተጽፎ ይሰጠው፣ ሌላው ጠይቆ ያውጣው፣ ካላወጣው ደግሞ ጓደኞቹ የትኛው ቃሉ ወይም የትኛው ፊቱ አፍ እንዳዘጋ ይንገሩት። እንደ መርፌ መውጋቱ ሁሉ ይህም በልምምድ ይመጣል።

የሚደብቀው ደግሞ ህመምተኛው ብቻ አይደለም፣ ሠራተኛውም ይደብቃል፣ ያየውን ስህተት ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ቴኔሪፌ በምትባል የስፔን ደሴት ላይ በጉም መሀል ሁለት ትልልቅ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። ከመጋጨታቸው በፊት ሊነሳ ሲንደረደር የነበረው አውሮፕላን የበረራ መሐንዲስ ያኛው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው ወጥቶ እንደሆነ ጠይቆ ነበር፤ ካፒቴኑ እርግጠኛ ሆኖ «አዎ» አለው፣ መሐንዲሱም ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ አቪዬሽኑ ለበላይ መናገርን ራሱን የቻለ ትምህርት አደረገው፣ ሕክምናውም ከእሱ ተማረ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት (የማረጋገጫ ዝርዝር) ምላጩ ቆዳ ከመንካቱ በፊት ሁሉም ሰው ስሙንና ሥራውን ጮክ ብሎ ይናገር ይላል። አንዴ ድምፁን ያሰማ ሰው ሁለተኛ ለመናገር አይከብደውም።

ይሉኝታ ባሳደገን አገር ይህ ትምህርት እጥፍ ያስፈልጋል። አንዲት የነርስ ተማሪ «ዶክተር፣ ይህ መጠን አልበዛም?» ማለትን ክፍል ውስጥ፣ ጮክ ብላ፣ ደጋግማ መለማመድ አለባት። ካልተለማመደችው ዋርድ ውስጥ፣ ሌሊት፣ ከአፏ አይወጣም።