ካርድ ላይ የሚጻፈው «ሀርሊ 2» ምን ማለት ነው?

በብብት፣ በብሽሽት ወይም በጡት ሥር ብጉንጅ እየተመላለሰ የሚወጣበት ሰው ካርዱ ላይ «ሃይድራዴናይተስ፣ ሀርሊ 2» ተጽፎ ሲያይ ግራ ይጋባል። ሃይድራዴናይተስ የበሽታው ስም ነው፤ ሀርሊ ደግሞ ከ1 እስከ 3 ያለው የደረጃ መለኪያው። ቁጥሩ የሚሰማውን ሕመም ብርታት አይለካም፤ ቆዳው የደረሰበትን ጉዳት እንጂ። 1 እብጠት ብቻ ነው። 2 ሲባል ከቆዳ ሥር መቦርቦርና ጠባሳ ጀምሯል፣ በመካከሉ ግን ጤነኛ ቆዳ አለ። በ3 የተቦረቦረው ተያይዞ አካባቢውን ይይዘዋል።

ከደሴ ኮምቦልቻ ወርዶ የሚሠራ ሰው ሙቀቱን ይከሳል። ሙቀት፣ ላብና የልብስ ፍትጊያ ያባብሱታል፤ መነሻው ግን የፀጉር ቀዳዳ መደፈንና መቆጣት ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የንጽሕና ጉድለትም አይደለም።

ማፍረጥ ለጊዜው ያስታግሣል፣ ብጉንጁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ለ3 ወር ያህል የሚታዘዘው ቁጣውን ለማብረድ ጭምር ስለሆነ፣ በሳምንቱ ሻል አለኝ ብሎ ማቆም ልፋቱን ያባክናል። ነፍሰ ጡር ግን አትወስደውም።

ካልበቃ ክሊንዳማይሲንና ሪፋምፒሲን አብረው ይታዘዛሉ፦ እያንዳንዳቸው 300 ሚሊግራም፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ከ10 እስከ 12 ሳምንት። እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሪፋምፒሲን የቲቢ መድኃኒት ነው፤ ያልታወቀ ቲቢ ያለበት ሰው ለዚህ ብሎ ቢወስደው ቲቢው መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ። ሽንት ብርቱካንማ ቢሆን አይደንግጡ፤ የወሊድ መከላከያ ኪኒንና በክንድ የሚቀበረውን ግን ያዳክማል።

የተቦረቦረው በክኒን አይደፈንም፤ ጣሪያው፣ ማለትም ከላዩ ያለው ቆዳ፣ በቀዶ ሕክምና ይከፈታል።