ሎግ ምንድን ነው? የሊኑክስ ኮምፒውተር ውሎውን የሚጽፍበት መዝገብ

ማታ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን ከፈትኩና የይለፍ ቃሌን አስገባሁ። ስክሪኑ ለአንድ አፍታ ጥቁር ሆነ፤ ከዚያ መልሶ የይለፍ ቃል መጠየቂያው ላይ ጣለኝ። ደገምኩት። ያው ነው። የይለፍ ቃሉን ብሳሳት ኖሮ ስህተት ነው ይለኝ ነበር፤ አላለኝም። ተቀብሎ ያስገባኛል፣ ወዲያው ያስወጣኛል። ሦስት ጊዜ ሪስታርት አደረግኩት። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፦ ፎርማት አድርጎ ከዜሮ መጫን። እኔም ለዓመታት እንደዛው ነበርኩ። ያን ማታ ግን ኮንትሮልን፣ ኦልትንና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ተጫንኩና ጽሑፍ ብቻ ወዳለው መግቢያ ተሻገርኩ። ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ነው) ላይ ዴስክቶፑ እምቢ ሲል ይሄ የጓሮ በር አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ነው። ገባሁና ሎጉን ከፈትኩ። መጨረሻ አካባቢ አንድ መስመር ደጋግሞ ይታያል፦ «ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ»። ዲስኩ ላይ ቦታ የለም ማለት ነው። ዴስክቶፑ ሲነሳ የግድ የሚጽፋቸው ትንንሽ ፋይሎች አሉ፤ የሚጽፍበት ሲያጣ ይወድቃል። ማውረጃ ፎልደር ውስጥ የረሳኋቸውን ሁለት ትልልቅ የአይኤስኦ ፋይሎች (የሙሉ ዲስክ ቅጂ የያዙ) አጠፋሁ። ገባሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሎግ እንግዲህ ይህ ነው። ሲስተሙና በላዩ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ምን እንዳደረጉና ምን እንዳቃታቸው፣ እየተከታተሉ የሚጽፉበት መዝገብ። በር ላይ የተቀመጠ ዘበኛ «በዚህ ሰዓት እገሌ ገባ፣ በዚህ ሰዓት እገሌ ወጣ» እያለ እንደሚመዘግበው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ይሄኛው ዘበኛ አያንቀላፋም፣ ወሬም ያበዛል።

ስሙ የመጣው ከመርከብ ነው። ሎግ ሲተረጎም ግንድ ነው። መርከበኞች ፍጥነታቸውን ለማወቅ በገመድ የታሰረ እንጨት ከኋላ ወደ ባሕር ይጥሉ ነበር። ገመዱ በእኩል ርቀት ቋጠሮ አለው። በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ስንት ቋጠሮ እንዳለፈ ቆጥረው ቁጥሩን ደብተር ላይ ያሰፍራሉ። ደብተሩም የግንዱን ስም ወረሰ። የመርከብ ፍጥነት ዛሬም በኖት፣ በቋጠሮ ማለት ነው፣ የሚለካው ለዚህ ነው። ወደ ኮምፒውተሩ ስንመለስ፣ በ1980ዎቹ ኤሪክ ኦልማን ሴንድሜይል ለተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ሲስሎግ የሚባል የመመዝገቢያ ዘዴ ሠራ። ሌሎች ፕሮግራሞችም ወደዱትና ሊኑክስ አርአያ ያደረገው የዩኒክስ ሲስተም ዓለም የጋራ ልማድ ሆነ። ዛሬ አብዛኞቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው፣ ሲስተሙን የሚያስነሳውና የሚያስተዳድረው የሲስተምዲ አካል የሆነው ጆርናል ነው። ሲስተምዲን ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ የጀመሩት በ2010 ነው።

የድሮዎቹ ሎጎች ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው፤ ቫር የሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ ሎግ በሚለው ሥር ታገኟቸዋላችሁ። ጆርናል ግን የሚያስቀምጠው በራሱ ቅርጽ ስለሆነ በተራ ጽሑፍ ማረሚያ አይነበብም። ማንበቢያው ጆርናልሲቲኤል የሚባል ትእዛዝ ነው፤ ጆርናል የሚለው ቃል ላይ ሲ፣ ቲ፣ ኤል ይቀጠልበታል። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) የሚያስፈራው ሰው ኖም በሚባለው ዴስክቶፕ ላይ ሎግስ የሚባለውን ፕሮግራም ይክፈት፤ ያንኑ ነገር በመስኮት ያሳየዋል።

አሁን አንድ መስመር ቀረብ ብለን እንይ። ፍላሽ ሰክታችሁ ኮምፒውተሩ ዝም ሲላችሁ ሎጉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ልታዩ ትችላላችሁ፦

«21:07:52 ከርነል፦ ዩኤስቢ 1-2፦ ዲቫይስ ዴስክሪፕተር ሪድ፣ ኢረር -110»

መጀመሪያ ሰዓቱ። ቀጥሎ ተናጋሪው፤ እዚህ ከርነሉ ራሱ ነው፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚያዘው የሲስተሙ እምብርት። «1-2» መንገድ 1፣ ቀዳዳ 2 ማለት ነው። ከዚያ ጉዳዩ፦ የተሰካውን ዕቃ «አንተ ማነህ?» ብሎ ጠየቀው። 110 ደግሞ በሊኑክስ የስህተት ቁጥሮች ጠብቄ ጠብቄ ሰዓቱ አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ፍላሹ መኖሩ ታውቋል፣ ግን አይመልስም። ይሄ የሾፌር (ሲስተሙን ከዕቃው ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ወይም የሲስተም ጣጣ አይመስልም። ቀዳዳ ቀይሩ፣ ማራዘሚያ ገመድ ካለ ንቀሉ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። አንድ መስመር ስንት ከንቱ ሙከራ እንደሚያስቀር አያችሁ?

መልእክቶቹ ከ0 እስከ 7 ደረጃ አላቸው። ቁጥሩ ሲያንስ ነገሩ ይከፋል። 0 ሲስተሙ ጭራሽ አይሠራም ነው፣ 3 ስህተት፣ 4 ማስጠንቀቂያ፣ 6 ተራ መረጃ፣ 7 ለፕሮግራመሮች ካልሆነ ለማንም የማይሆን ዝርዝር። ጆርናልሲቲኤል የሚለው ትእዛዝ ላይ ሰረዝ ፒ ብላችሁ 3 ብትጨምሩ ከ3 ጀምሮ የከፉትን ብቻ ያመጣላችኋል።

እዚህ ጋ ግን አዲስ ሰው ይደነግጣል። ስህተት የሚታየው በቀይ ነው፤ ደህና ኮምፒውተር ላይም ቀይ መስመር ሞልቷል! በተለይ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤሲፒአይ (ሲስተሙ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለ ኃይልና ስለ ሃርድዌር የሚግባባበት ደንብ) የሚል ቃል ያለባቸው ስህተቶች በየቀኑ የሚታዩባቸው፣ ግን ምንም ያልጎደለባቸው ማሽኖች ብዙ ናቸው። የማዘርቦርዱ ባዮስ፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም፣ በደንብ ስላልተጻፈ ከርነሉ ያማርራል፤ አማርሮም ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ቀይ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ ሁሉ ነገር ሰላም በሆነበት ቀን ሎጉን አንዴ አየዋለሁ። ያኔም ያሉት ቀዮች የቤቱ ልማድ ናቸው። ችግር ሲመጣ የምፈልገው አዲስ የመጣውን ነው።

ሌላው ቁልፍ ሰዓት ነው። ችግሩ እንደተፈጠረ ሰዓታችሁን እዩና ጻፉት። ሎጉ በሺዎች የሚቆጠር መስመር ነው፤ ሰዓቱን ካወቃችሁ ግን የምታነቡት ሃያ መስመር ብቻ ይሆናል። ከእነዚያም ውስጥ መጀመሪያ የተበላሸውን ፈልጉ። ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው መጨረሻው ላይ ነው፤ መጨረሻው ግን ብዙ ጊዜ ተጎጂ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። ዋይፋዩ «ኔትወርክ የለም» ብሎ የሚጮኸው አሥር መስመር ከፍ ብሎ ፈርምዌሩ (ዕቃው ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም) አልጫን ስላለ ሊሆን ይችላል።

ኮምፒውተሩ ድርቅ ብሎ በግድ አጥፍታችሁት ከሆነስ? አሁን የተነሳው ሲስተም ሎግ አይጠቅማችሁም፤ የምትፈልጉት ያለፈውን ነው። ትእዛዙ ላይ ሰረዝ ቢ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ 1 ጨምሩ። ይህ ከአሁኑ በፊት የነበረውን አንድ ዙር ያመጣል። ሰረዝ ኢ ብትጨምሩበት በቀጥታ መጨረሻው ላይ ያወርዳችኋል። ለመውጣት ኪው የሚለውን ፊደል መጫን ነው። አንዳንድ ሲስተም ጆርናሉን ሜሞሪ ላይ ብቻ ስለሚያኖረው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ቫር ውስጥ ያለው ሎግ ፎልደር ሥር ጆርናል የሚባል ፎልደር ካለ ግን ዲስክ ላይ እየተቀመጠ ነው።

የዚህ ያለፈ ዙር መጨረሻ በጣም ተናጋሪ ነው፤ ዝም ሲልም ጭምር። ኮምፒውተር በሥርዓቱ ሲጠፋ «ይህን አቆምኩ፣ ያንን ዘጋሁ» የሚሉ መስመሮች ይደረደራሉ። እነሱ ሳይኖሩ ጽሑፉ መሃል ላይ ብጥስ ካለ፣ ማሽኑ ለመጻፍ እንኳ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው። ያኔ ፕሮግራሞቹን ትቼ ወደ መብራቱ፣ ወደ ፓወር ሰፕላዩና ወደ ሙቀቱ ነው የምሄደው። በተቃራኒው ብራውዘራችሁ ምንም ሳይናገር ድንገት ከጠፋና ሎጉ ላይ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» ካያችሁ፣ ብራውዘሩ አልተበላሸም። ሜሞሪው ስላለቀ ከርነሉ ከሁሉ አብላጫውን የያዘውን መርጦ ገድሎታል። ታብ መቀነስ ወይም ሜሞሪ መጨመር ነው።

አንድ መስመር ግን አለች፣ ካየኋት ቡናዬን አስቀምጬ የምነሳባት፦ «አይኦ ኢረር» ብላ የዲስክ ስምና የሴክተር ቁጥር የምታስከትል። ገመድ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ዲስኩ እየሞተ ሊሆንም ይችላል። መጀመሪያ ፋይሎቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ምርመራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ችግሩን መልሳችሁ መፍጠር የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የሚቀለው በቀጥታ ማየት ነው። ትእዛዙ ላይ ሰረዝ ኤፍ ስትሉ ሎጉ ክፍት ሆኖ ይቆይና አዲስ መስመር ሲመጣ እዛው ያሳያል። ከዚያ ፍላሹን ሰኩ፣ ፕሪንተሩን አብሩ፣ የሚያስቸግረውን ፕሮግራም ክፈቱ። የሚጻፈውን እያያችሁ ማለት ነው። የሲስተሙ መልእክቶች ካልታዩና የራሳችሁ ብቻ ከመጡ፣ ትእዛዙን በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ አስጀምሩት።

መዝገቡ ዲስኬን ይሞላብኛል የሚል ስጋት ካለ፣ ጆርናል ሳይነካካ ከዲስኩ 10 በመቶና ከ4 ጊጋባይት ካነሰው አያልፍም፤ አሮጌውን ራሱ ይጥላል። ሎግ ለሌላ ሰው ስታሳዩ ደግሞ አንዴ አንብቡት፤ የተጠቃሚ ስማችሁና የዋይፋያችሁ ስም እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ሎግ የማይነግራችሁም ነገር አለ። አንድ ጊዜ ድምፅ ጠፋብኝና ግማሽ ሰዓት ሎግ ስበረብር ቆየሁ። አንድም ስህተት የለም። ለካ ለኮምፒውተሩ ምንም አልተበላሸም። ድምፁን በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ሞኒተሩ እየላከ ነበር፤ ሞኒተሩ ደግሞ ስፒከር የለውም። የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ መውጫውን ቀየርኩና ሙዚቃው ሙሉ ድምፁን ለቀቀው።