አላስካ፦ ኤርፖርት መንገድ የሆነበት ግዛት

የአሜሪካዋ ግዛት የአላስካ ዋና ከተማ ጁኖ ይባላል። ወደ ጁኖ በመኪና መሄድ አይቻልም። መንገዱ ተበላሽቶ ወይም በረዶ ዘግቶት አይደለም። መጀመሪያውኑ መንገድ የለም። ፊት ለፊቱ ባሕር ነው፣ ጀርባው ተራራና የበረዶ ግግር። የግዛቱ ምክር ቤት አባላት እንኳ ለስብሰባ የሚመጡት በአውሮፕላን ወይም በመርከብ ነው።

ዋና ከተማው እንዲህ ከሆነ ገጠሩን መገመት አያቅትም። ከአላስካ ከተሞችና መንደሮች 82 በመቶ ያህሉ ከዋናው የመኪና መንገድ ጋር አይገናኙም። የግዛቱ ስፋት የኢትዮጵያን አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል። ሕዝቡ ግን 750 ሺህ አይሞላም። ሦስት መቶ ሰው ለሚኖርበት መንደር ረግረጉንና በረዷማውን መሬት አቋርጦ መንገድ መዘርጋት የሚያዋጣ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሰዉ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ጠጠር ይደለድልና አውሮፕላን ያሳርፍበታል። መንገዱ ያ ነው። ስለ አላስካ ኤርፖርቶች ሲወራ ይህን መርሳት አይገባም። ቦሌን እያሰቡ ካነበቡት ነገሩ አይገባም።

አውሮፕላን አላስካ የደረሰው በመርከብ ተጭኖ ነው። በ1913 (እዚህ ያሉት ዘመናት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጄምስ ማርቲንና ባለቤቱ ሊሊ አንድ አውሮፕላን በክፍል በክፍሉ ፈታተው ፌርባንክስ አመጡ። ገጣጠሙትና ለከተማው ሕዝብ አበረሩት። ትርኢት ነበር። ቁም ነገሩ የመጣው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። በየካቲት 1924 ካርል ቤን አይልሰን የሚባል አብራሪ ከፌርባንክስ ወደ ማግራዝ ፖስታ ይዞ በረረ። ያን ጉዞ የውሻ ጋሪ በሳምንታት ነበር የሚጨርሰው። እሱ በሦስት ሰዓት ገደማ ገባ። ሲመለስ መሽቶበት መንገድ ጠፋው። እንደምንም ደርሶ ሲያርፍ አውሮፕላኑ ተሰበረ። የፖስታ አገልግሎቱም ጥቂት በረራ ቆይቶ ተቋረጠ፣ አይልሰን ግን መብረሩን አልተወም። በ1929፣ ማለትም አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ባየችበት ዓመት፣ ሳይቤሪያ ዳርቻ በረዶ ወደ ያዘው መርከብ ሲበር ሞተ።

እዚያ አገር አብራሪው የመጣው ከኤርፖርቱ በፊት ነው። አይልሰንና ጓደኞቹ የሚያርፉት በወንዝ ዳር ጠጠር፣ በቀዘቀዘ ሐይቅ ወይም በኳስ ሜዳ ላይ ነበር። ኤርፖርቱ በኋላ ተከትሎ መጣ። ብዙ ጊዜም የመጣው የሟች ስም ይዞ ነው። በግዛቱ ትልቁ ከተማ በአንኮሬጅ መሀል ያለው ሜሪል ፊልድ በ1929 በረራ ላይ እንደወጣ በቀረው በራስል ሜሪል ተሰየመ። የኮትዝቡ ኤርፖርት እዚያው ከተማ ተከስክሶ በሞተው በራልፍ ዊን ይጠራል። በሰሜን ጫፍ ያለው የኡትኪያግቪክ ኤርፖርት ደግሞ በ1935 አቅራቢያው በወደቁት በአብራሪው ዋይሊ ፖስትና በቀልደኛው ዊል ሮጀርስ። ትልቁ የአንኮሬጅ ኤርፖርት በ2000 በሴናተር ቴድ ስቲቨንስ ስም ሲጠራ ሰውየው በሕይወት ነበሩ። በ1978 እዚያው ኤርፖርት ላይ በደረሰ አደጋ ባለቤታቸው ሞተው እሳቸው ተርፈዋል። በ2010 ግን እሳቸውም ደቡብ ምዕራብ አላስካ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። የኤርፖርቶቹን ዝርዝር ሳነብ አንዳንዴ የመቃብር ድንጋይ የማነብ ይመስለኛል።

ባለቤትነቱ ከሌላው አሜሪካ ለየት ይላል። በሌሎች ግዛቶች ኤርፖርት አብዛኛውን ጊዜ የከተማ ወይም የአውራጃ ንብረት ነው። አላስካ ውስጥ ግን ከ230 በላይ የሚሆኑት በግዛቱ የትራንስፖርትና የሕዝብ መገልገያዎች መሥሪያ ቤት እጅ ናቸው። ትንንሾቹ መንደሮች ኤርፖርት ለማስተዳደር ከየት አምጥተው? አንዳንድ ከተሞች የራሳቸው አላቸው፤ ሜሪል ፊልድ የአንኮሬጅ ማዘጋጃ ቤት ነው። የአንኮሬጅና የፌርባንክስ ዓለም አቀፍ ኤርፖርቶችም የግዛቱ ናቸው፣ ግን ኪሳቸው የብቻ ነው። ከአየር መንገዶች በሚሰበስቡት ክፍያ ራሳቸውን ይችላሉ።

የገጠሮቹ ገንዘብ የሚመጣው በአብዛኛው ከዋሽንግተን ነው። በአሜሪካ ቲኬት የሚገዛ ሰውና ነዳጅ የሚቀዳ አውሮፕላን የሚከፍሉት ግብር አንድ ልዩ ፈንድ ውስጥ ይገባል። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ1982 በተጀመረው የኤርፖርት ማሻሻያ ፕሮግራም አማካይነት ያከፋፍለዋል። ለአላስካ ትንንሽ ኤርፖርቶች ከግንባታው ወጪ ከ90 በመቶ በላይ የሚሸፍነው ይህ ገንዘብ ነው። መንደርደሪያ ማስረዘም፣ መብራት መትከል፣ የበረዶ መጥረጊያ መኪና መግዛት፣ ሁሉም ከዚህ ይወጣል።

ችግሩ ገንዘቡ ለግንባታና ለዕቃ እንጂ ለዕለት ሥራ አለመሆኑ ነው። መኪናውን ይገዛል፣ ሹፌሩን አይከፍልም። በረዶውን ጎህ ሳይቀድ የሚጠርገው፣ ጠጠሩን በግሬደር የሚያስተካክለው፣ የተቃጠለ አምፖል የሚቀይረው ሰው ደመወዝ ከግዛቱ በጀት ነው። በብዙ መንደሮች ይህ ሰው ከግዛቱ ጋር ኮንትራት የተፈራረመ አንድ የመንደሩ ነዋሪ ነው። በእኔ ግምት የአላስካን አቪዬሽን ቆሞ እንዲሄድ ካደረጉት ሰዎች መጀመሪያ መጠራት ያለበት እሱ ነው። ግዛቱ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰማውም እሱ ነው።

የመንደሩ ኑሮ በዚያ ጠጠር ላይ ያልፋል። ቤቴል የምትባለዋን ከተማ እንይ። በዩኮንና በኩስኮክዊም ወንዞች ዴልታ ላለ ብዙ መንደር መናኸሪያ ናት፤ በእኛ አነጋገር አውቶብስ ተራ። ከአንኮሬጅ ትልቁ አውሮፕላን ይመጣል። ከዚያ ሰውም ዕቃም በትንንሾቹ፣ በተለይ ሴስና ካራቫን በሚባለው ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን፣ ወደየመንደሩ ይበተናል። ክረምት ሲመጣ ወንዙ ይቀዘቅዝና መኪና ይሄድበታል። ሌላ ጊዜ ጀልባ ወይም አውሮፕላን ነው። ነፍሰ ጡሮች የመውለጃቸው ወር ሲቃረብ ወደ ቤቴል በርረው በእናቶች ማቆያ ቤት ይቀመጣሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ በጤና ጣቢያዎች ግቢ ያለውን የእናቶች ማቆያ ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልግም። ምጥ መንገድ እስኪገኝ አይጠብቅም።

ሸቀጡም በአየር ነው የሚመጣው፣ ለዚህ የተፈጠረው ዘዴ ደግሞ በጣም የሚገርም ነው። ፖስታ ቤትን የሚያልፍ ፖስታ ልንለው እንችላለን። አንድ የመንደር ሱቅ ዱቄት፣ ዳይፐርና ለስላሳ ያዛል። አከፋፋዩ ዕቃውን ቢያንስ 1,000 ፓውንድ፣ ማለትም 450 ኪሎ ገደማ አድርጎ ያሽገዋል። ዕቃው ፖስታ ቤት ሳይረግጥ በቀጥታ ከአየር መንገዱ መጋዘን ወደ አውሮፕላኑ ይገባል። የሚከፈለው ግን የፖስታ ጥቅል ዋጋ ነው። ልዩነቱን የሚሸፍነው የአሜሪካ ፖስታ ነው። ይህን ያስጠበቁት ያው ሴናተር ስቲቨንስ ናቸው። ተቺዎች አሉት፤ ፖስታ ቤቱ ለስላሳ እያመላለሰ ይከስራል ይላሉ። ግን ያለ እሱ የመንደሩ ወተት ጭራሽ አይቀመስም፤ እንደዚያም ሆኖ ውድ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ አየር መንገዱ ፖስታውን ስለሚያገኝ ነው ሁለት ሦስት መንገደኛ ብቻ ወደሚገኝበት መንደር አዘውትሮ የሚበረው። ይህም ካልበቃ በ1978 የአየር መንገድ ገበያ ሲለቀቅ የተጀመረ ድጎማ አለ። ማንም ሊበርባቸው የማይፈልጋቸውን ከተሞች መንግሥት ከፍሎ ያስበርራል።

አንኮሬጅ ከዚህ ሁሉ ጋር ሲተያይ ሌላ ዓለም ነው። ሶቪየት ኅብረት ሰማይዋን በዘጋችበት ዘመን ከአውሮፓ ወደ ጃፓን የሚሄድ መንገደኛ እግሩን የሚያፍታታው እዚያ ነበር። አሁን መንገደኛው በጭነት ተተክቷል። ከእስያ የሚነሳ የጭነት አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅ ከያዘ ለዕቃ የሚተርፈው አቅም ይቀንሳል። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ፣ ዕቃውን ጨመር አድርጎ ይነሳና አንኮሬጅ ላይ ይቀዳል። በዚህ የተነሳ ከዓለም ቀዳሚ የጭነት ኤርፖርቶች አንዱ ሆኗል። አጠገቡ ሌክ ሁድ አለ፣ በዓለም በሥራ ብዛት አንደኛ የሚባለው የውኃ ላይ አውሮፕላን ማረፊያ። በበጋ አውሮፕላኖቹ በተንሳፋፊ እግር ውኃው ላይ ያርፋሉ። በክረምት እግራቸው ተፈትቶ የበረዶ መንሸራተቻ ይገጠምላቸዋል። ሐይቁ ዳር መኪና እንደሚቆም ቆመው ሲታዩ ነገሩ ቅንጦት ይመስላል። ለብዙዎቹ ባለቤቶች ግን የቤት ፒክአፕ ማለት ናቸው።

ፌርባንክስ ላይ ደግሞ ናፍቆት ይጠብቃል። ኢቨርትስ የሚባል የቤተሰብ ድርጅት በዲሲ-6 አውሮፕላን ለመንደሮች ነዳጅና ጭነት ሲያመላልስ ኖሯል። ዲሲ-6 ማለት የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1950ዎቹ መጨረሻ ያስገባው ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ነው። እኛ ዘንድ የአያቶች ፎቶ ላይ ብቻ የቀረ ነገር እዚያ በርሜል ሲሸከም ከርሟል።

ስለ አደጋው ሳያወሩ ማለፍ አይቻልም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2020 ባወጣው ስሌት፣ ከ2008 እስከ 2017 በነበረው ጊዜ በአላስካ የደረሰው የአውሮፕላን አደጋ መጠን ከሌላው አሜሪካ በ2.35 እጥፍ ይበልጥ ነበር። ተራራ አለ፣ ጭጋግ አለ፣ ክረምት ላይ ቀኑ አጭር ነው። ከሁሉም በላይ የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰጠው ጣቢያ በጣም ጥቂት ነው። ጣቢያ ባለበትም የስልክ መስመሩ ይቋረጥና መረጃው አይደርስም። አብራሪው መነሻውን ያያል፣ መድረሻውን በስልክ ይጠይቃል፣ መሀል ያለውን የተራራ በር ግን ማን አየለት?

ለዚህ የተገኘው መልስ ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ሕይወት አድኗል። በ1999 የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በተራራ በሮችና በመንደሮች ካሜራ መትከል ጀመረ። ካሜራው በየ10 ደቂቃው ፎቶ ይልካል። ከጎኑ ጥርት ባለ ቀን የተነሳ ፎቶ ይቀመጣል። አብራሪው ሁለቱን አስተያይቶ “ያ ተራራ የት ሄደ?” ካለ ሻይውን ደግሞ ይጠጣል። ዛሬ ካሜራዎቹ ከ200 በላይ ቦታ ላይ አሉ፣ ማንም ሰው በነፃ ያያቸዋል። በዚያው ሰሞን ቤቴል አካባቢ ካፕስቶን የሚባል ሙከራ ተጀመረ። አውሮፕላኑ ቦታውን ከሳተላይት አውቆ ለሌሎች ራሱ እንዲናገር የሚያደርግ መሣሪያ በትንንሾቹ ላይ ተገጠመ። መሣሪያው የተገጠመላቸው አውሮፕላኖች አደጋ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ከ2020 ጀምሮ በመላው አሜሪካ በአብዛኛው ሥራ የሚበዛበት ሰማይ ግዴታ የሆነው ያው ቴክኖሎጂ ነው። የገጠር ፈተና ለትልቁ ከተማ ሲተርፍ ማየት ደስ ይላል።

መንግሥት ብቻውን ግን ይህን ሁሉ አይገፋውም። የአላስካ አብራሪዎች ማኅበር ከ1951 ጀምሮ አለ። በየዓመቱ ትልቅ የአቪዬሽን ትርኢት ያዘጋጃል፣ አውሮፕላን በዕጣ ያወጣል። ቀልድ አይደለም፤ ሎተሪው አውሮፕላን ነው። መንደርደሪያ ሊዘጋ ወይም ካሜራ ሊነሳ ነው ሲባል አቤት የሚለውም እሱ ነው። በግንቦት ቫልዲዝ ከተማ ላይ አብራሪዎች ተሰብስበው ማን በአጭር ቦታ ተነስቶ በአጭር ቦታ ያርፋል ብለው ይወዳደራሉ። ጨዋታ ይመስላል። ነገ ወንዝ ዳር ለሚያርፍ ሰው ግን ልምምድ ነው። በመጋቢት የኢዲታሮድ የውሻ ጋሪ ውድድር ሲካሄድ በጎ ፈቃደኛ አብራሪዎች የውሾቹን ቀለብ በየጣቢያው ያደርሳሉ። የዛሬ መቶ ዓመት ከውሻ ጋሪው ላይ ፖስታውን የቀማው አውሮፕላን አሁን ለውሾቹ ምግብ ተሸካሚ ሆነ።

የግዛቱ ሕግም ወድቀህ ብትተርፍስ ብሎ ያስባል። እያንዳንዱ ትንሽ አውሮፕላን ምግብ፣ መጥረቢያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ፣ የዓሣ ማጥመጃ፣ እሳት ማቀጣጠያና የምልክት መስጫ መያዝ አለበት። በክረምት ብርድ ልብስ፣ የመኝታ ከረጢትና የበረዶ ጫማ ይጨመራል። ቀድሞ ጠመንጃም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር፣ በኋላ ተሰረዘ።

አሁን አሁን ራስ ምታት የሆነው መሬቱ ነው። ብዙ መንደርደሪያ የተሠራው ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ በሚኖር አፈር ላይ ነው። አፈሩ ሲቀልጥ መንደርደሪያው ይሰምጣል፣ ይጎብጣል። በባሕሩ በኩል ማዕበል ይበላዋል። በጥቅምት 2025 የሃሎንግ ማዕበል ቅሪት ኪፕኑክና ክዊጊሊንጎክ የሚባሉትን መንደሮች ሲያጠፋ ነዋሪዎቹ በብዛት የወጡት በአየር ነው። ኩባንያ ሲወድቅም አደጋው ያው ነው። በሚያዝያ 2020 ራቭን የሚባለው አየር መንገድ በኮሮና ምክንያት በአንድ ጊዜ ሲቆም ብዙ መንደር ያለ በረራ ቀረ፣ ሌሎች ተረባርበው ሸፈኑት። የትንንሾቹ አውሮፕላኖች ነዳጅ ደግሞ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት፣ አገሪቱም ልትተወው ወስናለች። ሌላው ግዛት እስከ 2030 መጨረሻ ጊዜ ሲሰጠው አላስካ እስከ 2032 ተፈቅዶለታል።

ኤርፖርት ያልደረሰበት ቦታም አለ። ትንሹ ዲዮሚድ አላስካንና ሳይቤሪያን በሚለየው በቤሪንግ የባሕር ሰርጥ መሀል ያለ ደሴት ነው፣ ከሩሲያዋ ትልቁ ዲዮሚድ በአራት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሜዳ የሚባል ነገር የለውም፣ ሁሉም ገደል ነው። ድሮ ክረምት ሲገባ ሰዉ ባሕሩ ላይ የረጋውን በረዶ ጠርጎ መንደርደሪያ ያደርገው ነበር። በቅርብ ዓመታት በረዶው አውሮፕላን የሚችል ሆኖ አልረጋ አለ። ስለዚህ ሄሊኮፕተር ነው የሚጠበቀው፣ እሱም አየሩ ሲፈቅድ ይመጣል።