ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ13፦ ዳቪድ የሣለው ናፖሊዮን

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የጥንቷ የሮማውያን ከተማ የፖምፔይ ፍርስራሽ ከአመድ ሥር ተቆፍሮ መውጣት ሲጀምር፣ የአውሮፓ ሰዓልያን ዓይን ወደ ጥንቷ ሮምና ግሪክ ዞረ። ኒዮክላሲካል የሚባለው የአሣሣል ስልት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መስመሩ ጥርት ያለ፣ አቋሙ የረጋ፣ የዘይት ቀለሙ የብሩሽ ምልክት የማይታይበት ልስልስ ነው። በቁም ሥዕል ላይ ደግሞ እንዲሁ ለጌጥ የተቀመጠ ዕቃ አታገኙም።

ፈረንሳዊው ሰዓሊ ዣክ ሉዊ ዳቪድ በ1812 እ.ኤ.አ. የሣለውን የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮንን እንይ። ሸራው ቁመቱ ከ2 ሜትር ይበልጣል። ናፖሊዮን የክብር ዘበኛ ኮሎኔል የደንብ ልብስ ለብሶ መሃል ላይ ቆሟል፤ ነጭ ሰደርያውና ሱሪው ከጠቆረው ክፍል ውስጥ ፈክቶ ይታያል። ቀኝ እጁን ሰደርያው ውስጥ ከቷል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን ሰውየው አልተስተካከለም። ፀጉሩ ተንጨባሯል፣ የእጅጌው ቁልፍ ተፈቷል፣ ካልሲው ተጨማዷል።

ምክንያቱን ዕቃዎቹ ይናገራሉ። ሻማዎቹ አልቀው ሊጠፉ ነው። ሰዓቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ይላል። ጠረጴዛው ላይ ላባ ብዕር አለ፤ ከወረቀቶቹ በአንዱ ላይ «ኮድ» (የሕግ መጽሐፍ) የሚል ቃል ይነበባል። ሕዝቡ ተኝቶ እሱ ሕግ ሲጽፍ አደረ ማለት ነው። ወንበሩ ላይ የተጋደመው ሰይፍ ጦረኛነቱን፣ የንጉሠ ነገሥትነቱ ምልክት የሆኑት የተጠለፉ ንቦች ደግሞ ዘውዱን ያስታውሳሉ። ከጠረጴዛው ሥር ያለው መጽሐፍ የጥንት ጀግኖችን ሕይወት የጻፈው የፕሉታርክ ነው፤ ናፖሊዮንም ከነሱ ተርታ ነው ለማለት።

ነገሩ ፕሮፓጋንዳ ነው፣ ያውም የተዋጣለት። ሕጉ፣ ማለትም የናፖሊዮን የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ያኔ ከወጣ እኮ 8 ዓመት አልፎታል፤ የታወጀው በ1804 እ.ኤ.አ. ነው። (በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከዚሁ ሕግ ብዙ ወስዷል።) የሚገርመው ደግሞ ሥዕሉን ያሠራው ፈረንሳዊ አይደለም። አሌክሳንደር ሃሚልተን የሚባል ስኮትላንዳዊ መኳንንት ነው፤ አገሩ ብሪታንያ ያኔ ከናፖሊዮን ጋር ጦርነት ላይ ነበረች! የሌሊቱን ሥራ ትርጉም ዳቪድ ራሱ በደብዳቤ ያስረዳው ለእሱ ነው።

ሥዕሉ ዛሬ ያለው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ነው። እዚያ አካባቢ ያላችሁ ጎራ በሉ፤ መግቢያው ነፃ ነው።